ሰባት የጥያቄ ምልክቶች በእርሳስ

መምህር ልሳኑ መሞቱን ያወቅሁት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። እኛ ሰፈር የሞት ወሬ ከስልክ በፊት በር ላይ ይደርሳል። ከወረቀቱ በላይ ፓልምስ ሰፈር የሚከራይ አፓርትመንት፣ ከታች ደግሞ የሕፃናት ማቆያ ማስታወቂያ ነበር። በመካከላቸው እሱ ከፎቶው ፈገግ ብሎ ያያል። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። አንዲት ወጣት ከኋላዬ፣ "ኤክስኪዩዝ ሚ እማማ፣ ልትገቢ ነው ወይስ?" እስክትለኝ ድረስ በሩን ዘግቼ መቆሜን ልብ አላልኩም።

አልገባሁም። ወደ መኪናዬ ተመልሼ መስኮቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። የተሰማኝ ሐዘን ሳይሆን ፍርሃት ነበር። በሕይወት ያለ ሰው አንድ ቀን እውነቱን ይናገር ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። የሞተ ግን የተናገረው ጸንቶ ይቀራል።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ በላቸው ደወሉ። ጋሼ በላቸው ድሮ ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው የሰፈሩን ሠርግና ለቅሶ የሚያስተባብሩ ሰው ናቸው። ለመምህር ልሳኑ የአርባ ቀን ኮንሰርትና የመታሰቢያ መጽሔት ሊዘጋጅ መሆኑን ነገሩኝ።

"አስካለ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። 'የማልረሳው ሰው' ብለሽ ሁለት ገጽ ጣል አድርጊልን።"

"እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ጋሼ።"

"ምን ቸገረሽ! ዕድሜሽን ሙሉ የእሱን ስትጽፊ ኖረሽ የለ?"

ቀልደው ነው። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄን ሳየው ቆየሁ። ይኸው ጻፍኩ። ሁለት ገጽ አልሆነም፤ እንደማያትሙትም አውቃለሁ። ደግሞም ስለ እሱ ስጽፍ "እሳቸው" አልልም። በሕይወቱ ሳለ ብያለሁ፤ ይበቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኦርኬስትራ ነበር፤ እኔ የዚያ ኦርኬስትራ ኖታ ገልባጭ ነበርኩ። ፎቶ ኮፒ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ደራሲው በእርሳስ የሞነጫጨረውን ሙዚቃ አንድ ሰው በቀለም አጥርቶ መጻፍ ነበረበት፤ መጀመሪያ ሙሉውን ኖታ፣ ከዚያ ለቫዮሊኑ የቫዮሊኑን፣ ለቼሎው የቼሎውን። ሥራው ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። ዕውቀትም ይጠይቃል፤ ይህን ግን ማንም አይጠረጥርም ነበር።

መምህር ልሳኑ ምሥራቅ አውሮፓ ስድስት ዓመት ተምሮ የተመለሰ የኦርኬስትራው መሪ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ የሚያደርግ ሰው። ከኋላዬ መቆሙን የማውቀው በኮቴው ሳይሆን ወረቀቴ ላይ በሚወድቀው ጥላ ነበር። ሲያስብ መነጽሩን በክራባቱ ጫፍ ይወለውላል። ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ሜትሮኖም ይቆጥራል፤ ያ ምቱን ቋ፣ ቋ እያደረገ የሚለካው መሣሪያ። ሌላ ሰው በመያዣው ያቆመዋል። እሱ ግን የሚወዛወዘውን ዘንግ በሁለት ጣቱ፣ የወፍ አንገት እንደሚይዝ ሰው፣ ቀስ ብሎ ይይዘውና ዝም ያሰኘዋል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ መተንፈስ ይከብድ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ኒዮክላሲሲዝም በሚባለው የአውሮፓ ሙዚቃ ላይ ነው። እኔ ስገለብጥ እሱ ቆሞ ያወራል። ያስተምረኝ ነበር ማለት አልወድም፤ ጆሮዬ ክፍት ስለነበር ነው የተማርኩት።

"አስካለ፣" ይለኛል፣ "አውሮፓ ባለፈው ምዕት ዓመት ማብቂያ ላይ እንባ ውስጥ ሰምጣ ነበር። መቶ ሰው ኦርኬስትራ፣ ሁለት ሰዓት ልቅሶ። እያንዳንዱ ደራሲ ነፍሱን ሊያወጣ ነው የሚጽፈው። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ደከማቸው። ፈረንሳዮቹ የቤተ መንግሥት ዘመን ጭፈራዎችን ለፒያኖ መልሰው ይጽፉ ጀመር። ጀርመን አገርም ወደ ንጹሕ ቅርጽ እንመለስ የሚል ተነሣ። ወዲያው አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ወንዶቹ አለቁ፣ ኦርኬስትራው አነሰ፣ ሰው ትልቅ ትልቅ ቃል መስማት ጠላ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ፓሪስ ላይ አንድ ሙዚቀኛ ለባሌት ዳንስ ሙዚቃ እንዲጽፍ ታዘዘ። ሁለት መቶ ዓመት የሆነው ኖታ አወጣ። ዜማውን ተወው፣ ባሱን ተወው፣ መሀሉን ግን አጣመመው። ሕንፃው የድሮ ነው፣ ደረጃው ግን አንድ እርከን ይጎድለዋል። የሚወጣው ሰው እግሩን ሲያሳርፍ የለም። ልቡ ድንግጥ ይላል። ኒዮክላሲሲዝም ማለት ያቺ የጎደለች እርከን ናት።"

እንዲህ ሲናገር ከልቤ አደንቀው ነበር፤ አልዋሽም። በዚያው ቀን ግን የቀረውን ጨመረልኝ። እነዚያ የድሮ ዜማዎች በወጣትነቱ የሞተ የአንድ ኢጣሊያዊ ናቸው ይባል ነበር። ኋላ ሲጣራ ብዙዎቹ የእሱ አልነበሩም፤ ስማቸውን ማንም ያላነሣው የሌሎች ሰዎች ነበሩ።

"ታዲያ ባለቤቶቹ ምን ተደረገላቸው?" አልኩት።

"የሞተ አይከስስም፣" አለና ሜትሮኖሙን ያዘው።

ዘመኑ ካድሬ በየቢሮው የሚገባበት ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ ልምምድ ላይ መጥቶ፣ "ጓድ ልሳኑ፣ ይሄ ጋቮት የምትሉት የየትኛው መደብ ጭፈራ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"የገበሬው ነበር፣ ጓድ። መኳንንቱ ሰረቁት። እኛ እያስመለስን ነው።"

ካድሬው አጨበጨበ። ሙዚቀኞቹ ሳቃቸውን በመሣሪያቸው ሸፈኑ። እኔም ሳቅሁ። ሌባን በሌባ ስም እየከሰሰ መስረቅ የሚችል ሰው መሆኑን ያኔ መረዳት ነበረብኝ።

አሁን ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ገልባጭ አያርምም። ደራሲው የተሳሳተ የመሰለ ኖታ ከጻፈ፣ ገልባጩ እንዳለ ይጽፈውና ከኖታው በላይ በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል። "አውቀህ ነው ወይስ አምልጦህ?" ማለት ነው። ደራሲው አይቶ ወይ ያርመዋል፣ ወይ ይተወዋል። መምህር ልሳኑ ብዙ ጊዜ ይተወው ነበር፤ የጥያቄ ምልክቴም እዚያው ይቀራል። የእሱ ሥራዎች በሙሉ በእኔ እጅ ጽሑፍና በእኔ ጥያቄ የተሞሉ ናቸው።

አንድ ዓመት ለበዓል የሚቀርብ ስዊት እንዲጽፍ ታዘዘ። ስዊት የሚባለው ተከታታይ ጭፈራ ነው፤ የእሱ አራት ክፍል ነበረው፤ መግቢያ፣ ጋቮት፣ ዘገምተኛ፣ ፈጣን። ሦስቱን ጨረሰ። ዘገምተኛው፣ ሦስተኛው ክፍል፣ እምቢ አለው። ሦስት ሳምንት ሲቀር ባዶ ወረቀት ፊት ይቀመጥ ነበር። "እንባህን ለቀብር አስቀምጥ" እያለ ሙዚቀኞቹን ሲቆጣ የኖረ ሰው ነው። ፈጣን ሙዚቃ መደበቂያ አለው። ዘገምተኛ የለውም።

እኔ በስድስት ቀን ጻፍኩት። በምሳ ሰዓት፣ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ። ባሱ አራት ኖታ ወርዶ ይመለሳል፣ ወርዶ ይመለሳል። ከላይ ቫዮሊኑ ሊያርፍ ይመጣና ሰባት ቦታ ላይ አያርፍም፤ አጠገቡ ያለችው ኖታ ላይ ይቆማል። እነዚያን ሰባት ኖታዎች ያገኘሁት ተንበርክኬ ፈልጌ አይደለም፤ እዚያ ይጠብቁኝ የነበሩ ይመስል ነበር። ረቂቁን ቀዳድጄ ጥዬ፣ በቀለም አጥርቼ ጽፌ ሰጠሁት። ረቂቁን መቅደዴ የገልባጭ ልማድ ነው፤ ንጹሑ ካለ ረቂቅ አይቀመጥም። የሌላ ሰው ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳስቀመጥኩ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቆሞ አነበበው። ረጅም ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ።

"ጥሩ ገልብጠሽዋል፣" አለ።

"መምህር፣ እኔ አልገለበጥኩም፤ እኔ ነኝ የ—"

"ወንድምሽ ደህና ነው?"

ወንድም እንዳለኝ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ወንድሜ በዚያ ወር አክስታችን ቤት ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ነበር። መምህር ልሳኑ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ያ የምግብ ቤቱ በር ላይ ያየሁት ፈገግታ ነው።

"ደህና ነው፣" አልኩ።

"እግዜር ይጠብቀው።"

ወንድሜ በኋላ በሱዳን በኩል ወጣ፤ ማንም አልነካውም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ያ ጥያቄ ዛቻ ይሁን የሰው ደግነት ምዬ መናገር አልችልም። ሙዚቃው በበዓሉ ቀን ሲቀርብ በፕሮግራሙ ላይ አራቱም ክፍል በእሱ ስም ነበር። ከሦስተኛው በኋላ አዳራሹ ማጨብጨብ ረስቶ ዝም አለ። እሱ አጎንብሶ እጅ ነሣ። እኔ ከኋላ፣ የቼሎዎቹን ወረቀት እየሰበሰብኩ ነበር።

"ለምን አልተናገርሽም?" የሚል ይኖራል። ለማን? በምን ማስረጃ? የእጅ ጽሑፌ ነው ብል፣ ሁሉም ነገር በእጅ ጽሑፌ ነው። ገልባጭ የሆነ ሰው የራሱን ነገር ሲጽፍ ከሌላው ሰው ነገር የሚለይበት መንገድ የለውም።

ኦርኬስትራው ኋላ ፈረሰ። ወረቀቱ በጆንያ ሲጣል የስዊቱን ሙሉ ኖታ ከጆንያው አወጣሁት። ወደ አሜሪካ ስመጣ ሻንጣዬ ሥር ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ እሱም ሎስ አንጀለስ መጣ። ፌርፋክስ ላይ፣ ታክስ ከሚሠራ ሰው ሱቅ ጀርባ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ የሐበሻ ልጆች ቫዮሊንና ፒያኖ ያስተምር ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን ከፒኮ ሮበርትሰን፣ ከግሌንዴል ድረስ ያመጡለታል። በነሐሴ ሹራብ ይለብሳል። ሜትሮኖሙም አብሮት መጥቷል።

መጀመሪያ ቀን ስገባ ትናንት የተለያየን ይመስል ቀና ብሎ፣ "አስካለ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል?" አለኝ።

"አይንቀጠቀጥም።"

"ጥሩ፣" አለና የልጆች ቫዮሊን ድርሻ እንድገለብጥ ወረቀት ሰጠኝ።

ኮምፒውተር ባለበት አገር፣ በጡረታ ዕድሜዬ፣ ለምን እሺ እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አጠገቡ ካልተገኘሁ፣ አንድ ቀን እውነቱ ሲያመልጠው አልሰማም ብዬ ነው። ጠበቅሁ። የጠበቅሁት ይቅርታ አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።

ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ምት የማይጠብቅ ልጅ በሦስት ወር እንደ ሰዓት ይሆናል። ግን ልጆቹ ሲጫወቱ ፊታቸው የተዘጋ ሱቅ ይመስል ነበር። አንዲት እናት በኩራት፣ "ልጄን አየሻት እትዬ? ምንም አትነቃነቅም እኮ!" ስትለኝ ወረቀቴ ላይ አጎነበስኩ።

ለትልልቆቹ ልጆች ያንኑ ታሪክ ይነግራቸው ነበር። ያ የፓሪሱ ሙዚቀኛ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሸሽቶ እዚችው ከተማ ኖሯል። የድሮውን ቅርጽ አፍርሶ በአዲስ ስሌት ይጽፍ የነበረው ባላንጣውም እዚሁ ነበር። በመኪና ጥቂት ደቂቃ ተራርቀው ዓመታት አይጠያየቁም ነበር። ባላንጣው ሲሞት ግን ያኛው የራሱን መንገድ ትቶ የሟቹን መንገድ ያዘ፤ የኒዮክላሲሲዝምም ዘመን በዚያ አበቃ።

"ዌይት፣ እስኪሞት ጠብቆ ነው?" አለ አንዱ ልጅ።

"ሁልጊዜ መጠበቅ ነው፣" አለ መምህር ልሳኑ፣ ወደ እኔ እያየ።

አምና ሜሮን መጣች። ሜሮን እዚሁ የተወለደች፣ የሙዚቃ ታሪክ ለዶክትሬት የምታጠና ልጅ ናት። ይኸው ኒዮክላሲሲዝም ከአውሮፓ ወጥቶ ሌላ አገር ምን እንደሆነ ነው የምትጽፈው። ስለዚህ መምህር ልሳኑ ለእሷ ወርቅ ነበር። አንድ ሌላ የድሮ ሥራውን አሳያትና ወረቀቱን እያገላበጠች፣ "ዚዝ ክዌስችን ማርክስ ምንድን ናቸው?" አለች።

"ገልባጯ ስትጠራጠር ናቸው።"

"ሶ፣ እሷ ካልተጠራጠረች ምንም አይኖርም ማለት ነው? ወው። ይሄ እኮ በጣም ይጠቅመኛል።"

እኔ ጥግ ላይ ወረቀት እየደረደርኩ ነበር። እሱ እጁን ዘርግቶ ሜትሮኖሙን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም የፈራ መሰለኝ፤ የስዊቱ ሦስተኛ ክፍል ላይ አንድም የጥያቄ ምልክት አልነበረም። በዚያው ሳምንት ስዊቱን ለሁለት ሳምንት እንዳውሰው ጠየቀኝ።

ስህተቴ መስጠቴ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሲያየው ይናገራል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አራት ወር አቆየው። ሲመልሰው በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በክር አስሮ ነበር። "ሁሉም እንዳለ ነው፣" አለኝ። ሳልፈታው ቁም ሣጥን ውስጥ ጨመርኩት። ገጽ ቀዶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። ካልፈታሁት አልተቀደደም።

ከሞተ በኋላ፣ ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ሜሮን ፓልምስ ቤቴ መጣች። ስዊቱ በኮንሰርቱ ሊቀርብ ነው። እሷ ለኅትመት ታዘጋጀዋለች፤ ጋሼ በላቸው ደግሞ ዋናው ወረቀት በመታሰቢያው አዳራሽ በመስታወት ውስጥ እንዲታይ በአሥር ሰዓት መጥተው ሊወስዱት ተቀጣጥረናል። ከዚያ ወዲያ ከእጄ ወጣ ማለት ነው።

ክሩን በመቀስ ቆረጥኩ። አንድም ገጽ አልተቀደደም። ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነኝ።

ሜሮን መግቢያውን አየች፣ ጋቮቱን አየች፣ ሦስተኛው ላይ ደረሰች።

"እትዬ አስካለ፣ እዚህም ተጠራጥረሻል። ሉክ፣ አንድ፣ ሁለት… ሰባት ቦታ። እሱ ግን አንዱንም አልቀየረም። ምን ያህል ሹር ነበር ማለት ነው! ይሄን በደንብ እጽፈዋለሁ።"

መነጽሬን ፈለግሁ። ከሰባቱ ኖታዎች በላይ ሰባት የጥያቄ ምልክቶች ነበሩ። በእርሳስ፣ ትንንሽ፣ ጭንቅላታቸው እንደ እኔዎቹ ጠፍጠፍ ያለ። ዕድሜ ልኩን ሲያየው የኖረውን ምልክቴን አጥንቶ በእኔ እጅ ጽፎታል። ኖታዬን ያኔ ወስዷል። አሁን ደግሞ እነዚያን ሰባት ኖታዎች ያልገባኝ፣ የጠየቅሁ፣ የተጠራጠርኩ አድርጎኛል።

"እትዬ? አር ዩ ኦኬ? ውኃ ላምጣ?"

"ተቀመጪ፣" አልኳት። "ሦስተኛውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳት፤ የምሳ ሰዓቱን፣ ወንድሜን፣ "ጥሩ ገልብጠሽዋል" ያለውን። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስጨርስ ገጹን ወደ ራሷ ሳበችው።

"እትዬ፣ አምንሻለሁ። ባት እኔ የማምነውን አይደለም የምጽፈው። ፕሩፍ ያለው ነገር አለ?"

"የለም፣" ልል ነበር። ዓይኔ ግን ከኖታው ወርዶ ወደ ግራው ኅዳግ ሄደ፣ የገልባጭ ዓይን ስለሆነ።

"የጋቮቱን ገጽ መልሺው። ከመስመሩ ግራ ምን ይታይሻል? ጠጋ ብለሽ እዪ።"

"በጣም ትንሽ… ቁጥር ነው? ሁለት ይላል።"

"በመስመሩ ላይ ስንት የጥያቄ ምልክት አለ?"

"ሁለት።"

"የሚቀጥለው?"

"ቁጥሩም ሦስት፣ ምልክቱም ሦስት። ኦ ማይ ጋድ።"

ምልክት ባደረግሁበት መስመር ሁሉ፣ ኅዳጉ ላይ ስንት እንዳደረግሁ በእርሳስ እጽፍ ነበር፤ አንዱም ሳይታይ እንዳያልፍ። ለራሴ ነው። ደራሲ ኅዳግ አያይም፤ ኖታ ነው የሚያየው። ሜሮን መግቢያውንና ፈጣኑን መስመር በመስመር አረጋገጠች። በየቦታው ቁጥር አለ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሰባት የጥያቄ ምልክት አለ፤ ኅዳጉ ግን ነጭ ነው፤ እነዚያ ምልክቶች የእኔ አይደሉም።

"ይሄን መጻፍ እችላለሁ፣" አለች ቀስ ብላ። "የማየውን ነው። ሰው የሚለውን ይበል።"

አሁን የምናገረውን መናገር አልፈልግም ነበር፤ ግን እውነት ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት። ሜሮን ፎቶ ስታነሣ እነዚያን ምልክቶች ደግሜ አየኋቸው። መዋሸት ብቻ ቢፈልግ የትም ቦታ ማድረግ ይችል ነበር። ገጹ በኖታ ሞልቷል። እሱ ግን ልክ ሰባቱ ላይ፣ ሙዚቃው ያለባቸው ኖታዎች ላይ ነው ያስቀመጣቸው፤ አንድም ሳያጎድል፣ አንድም ሳይጨምር። አራት ወር ሙሉ ፊቱ ዘርግቶ አንብቦታል። በዚህ ዓለም ላይ ያንን ሙዚቃ ከእኔ ሌላ የተረዳው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ስጠብቀው የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ምናልባት ይኸው ነው፤ በሐሰት የተጻፈ። ይህን በማወቄ ጥላቻዬ አልቀነሰም። እንዲያውም የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ለጋሼ በላቸው ደወልኩ። ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

"አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም?" አሉ። "ሰውየው አፈር ሳይደርቅበት!"

"እኔም ሳልሞት ነው፣ ጋሼ።"

"ስንት ዘመን ዝም ያልሽውን አሁን ምን አስቸኮለሽ? ሰው ምን ይላል? እነዚህ ሁሉ ልጆችስ? አባት አድርገው ያዩት እኮ ነው! ያቆየሽውን አቆዪው፣ እህቴ። ወረቀቱን ልውሰድ፤ ከአርባው በኋላ እንነጋገራለን።"

"ከአርባው በኋላ መስታወት ውስጥ ነው ያለው።"

"መንገድ ላይ ነኝ፣" ብለው ዘጉት።

ሜሮን ላፒስ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ምልክቶቹን ማጥፋት ትፈልጊያለሽ? ፎቶ አንሥቻቸዋለሁ።"

"አይጠፉም። ከነምልክቱ ይታተም። ያደረገውን ሰው ይየው።"

ከዚያ የሦስተኛውን ክፍል መጀመሪያ ገጽ ዘርግቼ ጥቁሩን እስክሪብቶዬን አነሣሁ። የደራሲ ስም የሚጻፈው በመጀመሪያው ገጽ በስተቀኝ፣ ከላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የእሱን ስም ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አላውቅም። የገልባጭ ስም ከታች፣ ከመጨረሻው መስመር በኋላ፣ በትንሹ ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ታች ሄደ። ሜሮን አየችኝ። እጄን አንሥቼ ወደ ላይ መለስኩት።

ከሞተ በኋላ ጻፈችው ይላሉ። አዎ፣ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ ከስሜ ሥር የዕለቱን ቀን ጨመርኩበት።

አስካለ ተክሌ።

የመጨረሻዋን ፊደል ስጨርስ የታችኛው በር ደወል ጮኸ። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ሜሮን ብድግ አለች።

"ተቀመጪ፣" አልኳት። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ በሩን አልከፈትኩም።